የቀይ አምባ ጉድጓድና ስምንቱ ስሞች

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፱ ዓመተ ምሕረት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ፀሐይ ከሐይቅ ባሕር ማዶ ብቅ ስትል የቀይ አምባ ገደል እንደ ወትሮው ከአናቱ ጀምሮ እየቀላ ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ሸለቆ ግን ገና ጉም ለብሶ ነበር። ቀይ አምባ በአምባሰል ምድር ካሉት ምሽጎች ትልቁ አይደለም፤ ዙሪያው ገደል ነው፤ መውጫው አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ዝንጀሮ በር የሚባለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የድንጋይ ደረጃ ነው። በደኅና ዘመን ከላይ የሚኖሩት የበሩ ዘበኞችና የሚካኤል ካህናት ብቻ ነበሩ። የዚያን ዕለት ግን የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ሆኖ ሳለ ከበሮ አልተመታም፤ አምባው ላይ ከአንድ ሺህ የማያንስ ነፍስ ሰፍሮ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ ግንብ ጥግ ተጠግቶ ተኝቶ ነበር።

ምክንያቱ ከአገሩ ሰው የተሰወረ አይደለም። ከሃያ አምስት ቀን በፊት የወሎ ጦር ሰገሌ ላይ ተመታ፤ ንጉሡ ተማረኩ፤ ያሸነፈው ጦር ወደ ደሴ እየገሰገሰ ነው የሚል ወሬ ከቁስለኛው ቀድሞ ደረሰ፤ መሸሻ ያለው ሁሉ ወደ አምባ ወጣ። ወጥቶ ግን የሚበላ አላገኘም። ከላይ የነበረው ጎተራ ለሰገሌ ዘማች ስንቅ ተብሎ እስከ ወለሉ ተጠርጎ ነበርና ሕዝቡ አራት ቀን በቅጠልና በውሃ ሰነበተ።

እህል ሳይኖር ቀርቶ አልነበረም። ከሰዎቹ እግር ሥር፣ ከዓለቱ ውስጥ፣ ሰባት የማሽላ ጉድጓድ ነበረ፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ እንደ ጋን የሰፋ፣ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃ የተመረገ። የት የት እንዳለና እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቅ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ያ ቤተሰብ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ከአምባው ተባርሮ ነበር።

ያባረሩት የበሩ ሹም ፊታውራሪ አንዳርጋቸው ናቸው። ፊታውራሪ ዝንጀሮ በርን የሠራው የአምሳሉ ተወላጅ ነኝ እያሉ አምባውንም ከአምባው ሥር ያለውንም መሬት የሚያዙ፣ ቁመተ ረጅም፣ ሲቆጡ የማይጮሁ ሰው ነበሩ። የጉድጓዱ ጠባቂ ኡበይድ ኑርዬ ይባላል። ከአባት ከአያቱ የወረሰው የጉድጓድ ማሳ የሚባል፣ ምንጭ ያለው መሬት ነበረው፤ ጉድጓድ ሳይከፈት ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ፊታውራሪ «ያልሠራ ሰው ስለምን መሬት ይይዛል?» ብለው ነጠቁት። ኡበይድ አቤት ሊል ግብር ላይ ቢቀርብ «ይኸ ምድር አይጥ የጉድጓድ ሽታውን ይዞ አዳራሽ ገባ እንዴ? በደጅ ይቀመጥ» አሉ። ሰው ሳቀ። በደጅ ተቀመጠ፤ ከደጅም ተነሥቶ ሄደ፤ ያቺን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሳያላምጣት ውሎ አያውቅም።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ጧት ሊጠራው የመጣው የፊታውራሪ የእህታቸው የወይዘሮ የሺሀረግ ልጅ ዝናው ነበር። ዝናው ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ጢሙን ያሳመረ፣ በትልቅ ቤት ሥርዓት ያደገ ሰው ነው፤ ጌታ ፊት ድምፅ ማሰማት፣ ማስነጠስ እንኳ፣ እንደ ውርደት የሚቆጥር። በበቅሎው ላይ እንዳለ ከኡበይድ ጎጆ ደጃፍ ቆመ።

«አያ ኡበይድ፣ ፊታውራሪ ይፈልጉሃል። ጉድጓድ ይከፈት ብለዋል።»

የመለሰችው የኡበይድ ሚስት ዑምኩልሱም ናት። «ውረድና ተናገር እንጂ የጌታ ልጅ። የአይጥ ቤት ስለሆነ እግሬ ይቆሽሻል ብለህ ነው?»

ዝናው ወረደ። ኡበይድ መጫኛ የሚሉትን የጠፍር ገመድ እየጠፈረ ነበር፤ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ሰው ተርቧል?»

«አራት ቀኑ።»

«ልጆችም አሉ?»

«አሉ። ትናንት ሁለት ቀበርን።»

ኡበይድ መጫኛውን ጠቅልሎ በትከሻው አደረገ። ዑምኩልሱም አየችው። «ወላሂ፣ ይኸን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሲሉት አንጀቱ የለም። ሂድ፣ ማን ይከለክልሃል። ነገር ግን ማሳችንን በሰው ፊት መልሼልሃለሁ ሳይሉ ድንጋዩን እንዳትነካ። ጌታ ሲጠግብ የሚያስታውሰው አፉን ነው፣ ቃሉን አይደለም።»

«አብሽሪ» አለና ወጣ።

ከዝንጀሮ በር ላይ ወይዘሮ የሺሀረግ ራሳቸው ቆመው ጠበቁት። ባላቸው ከሰገሌ አልተመለሱም፤ ኀዘን ግን ገና አልተቀመጡም፤ ሬሳ ያላየ ተስፋ አይቆርጥምና። ኡበይድ ፊታውራሪ ፊት ቀርቦ እጅ ነሥቶ ማሳው ሳይመለስለት ድንጋዩን እንደማይነካ ተናገረ። ፊታውራሪም በሕዝቡ ፊት «እህሉ ከወጣ የጉድጓድ ማሳ ያንተ ነው፤ ሚካኤል ምስክሬ ነው» ብለው ማሉ። ያን ጊዜ የተራበ ሰው ሁሉ አሜን አለ።

ጉድጓድ መክፈት ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ብዙ ዓመት ታፍኖ የኖረ ማሽላ ትንፋሽ ያወጣል፤ ትንፋሹ አይታይም፣ ሽታውም ሁልጊዜ አያስታውቅም፤ የገባበት ሰው ግን እንደ ጠገበ ሕፃን ዐይኑን ጨፍኖ ይተኛል፣ አይነቃም። ስለዚህ ኡበይድ ድንጋዩን ካነሣ በኋላ ችቦ በመጫኛ ሰደደ፤ ችቦው ከመንገድ ጠፋ። የክትክታ ቅርንጫፍ አስሮ ላይ ታች እያደረገ አየሩን ያናውጠው ጀመር። ፀሐይ ከፍ አለች። ችቦ ሰደደ፤ አሁንም ጠፋ።

«እስከ መቼ ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«ጌታዬ፣ ጉድጓዱ አልተነፈሰም። ቀትር ይለፍ።»

ከአምባው ጫፍ ላይ ያለ ዘበኛ በሐይቅ በኩል አቧራ አየሁ ብሎ ተጣራ። አቧራው የጦር ይሁን የመንጋ ማንም አላወቀም። ሕዝቡ ተንጫጫ። ፊታውራሪ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይኸ ሰው ቂም አለበት። ጠላት እስኪደርስ ቀኑን እየገፋው ነው» አሉ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ቅድም አሜን ያለው ሕዝብ ኡበይድን በክፉ ዐይን ያየው ጀመር። ድኻ ሲያውቅ እንደ ተንኮል ይቆጠርበታል፤ ይኸ ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ።

ዝናው ኩታውን አወለቀ። «እኔ እወርዳለሁ» አለ።

ኡበይድ ክንዱን ያዘው። «ስማኝ። ካልክ እንግዲህ አላስቀርህም። የጉድጓድ ሕጉ ግን ይኸ ነው፤ የሚወርድ ሰው አፉን አይዘጋም። ስምህን፣ የአባትህን፣ የአያትህን እየጠራህ ትወርዳለህ፤ አራት ስም ጠርተህ ትወጣለህ። ድምፅህ ከተቋረጠ እንስብሃለን። ዝምታ እዚያ ውስጥ ሞት ነው።»

«እሺ» አለ ዝናው።

ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግን ፊታውራሪ መጥተው ቆሙ፤ በግራ ቀኝም መኳንንቱ። ዝናው አጎቱን ቀና ብሎ አያቸው። ጌቶች ቆመው እንደ ከብት ነጋዴ እየጮኸ ሊወርድ? አንድ ጊዜ «ዝናው» አለ፤ ያውም በሹክሹክታ። ከዚያ ወዲያ መጫኛው ብቻ ወረደ። ላይ የቆሙት የጨዋ ልጅ ነው፣ ሥርዓቱን ያውቃል ብለው ዝም አሉ፤ ኡበይድ «ሳቡ፣ ሳቡ እንጂ» ሲል አንዱ ሹም «ቆይ፣ እየሞላ ይሆናል» አለው። ዝናው እህሉን ሊሞላ ከወገቡ ፈትቶት ነበርና መጫኛው ሲሳብ ባዶውን መጣ።

ወይዘሮ የሺሀረግ አልጮኹም። ወደ ኡበይድ መጥተው «አፈር ስሆን» አሉት።

ኡበይድ መጫኛውን ከወገቡ አሰረ። ሲወርድ ድምፁ እንደ ሙአዚን ጥርት ብሎ ወጣ፤ «ኡበይድ ነኝ። ኡበይድ የኑርዬ። ኑርዬ የሙሄ። ሙሄ የይማም።» አራት ሞላ። በሥራ ልማድ እዚህ ላይ ሊወጣ ይገባው ነበር። ነገር ግን ዝናው ማሽላው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ ከባድ ነው፤ ማንሣት፣ መጫኛውን ከራሱ ፈትቶ ከእሱ ወገብ ማሰር ይፈልጋል። አፉን ደግሞ ሊዘጋ አይችልም። ቀጠለ።

«ይማም የደምሌ።»

ላይ ያሉት ሽማግሎች ተያዩ። ከኡበይድ ቤት ከአራት በላይ ሲቆጠር ተሰምቶ አያውቅም። ኡበይድን አያቱ ሙሄ በልጅነቱ እስከ ስምንት አስጠንቶት «ሲጠይቁህ እንጂ ሳይጠይቁህ እንዳትቆጥረው፤ ለድኻ ትልቅ አያት መዘዝ ነው» ብሎት ነበር። አምስተኛውን ሲጠራ ኡበይድ የጠራው ለትንፋሹ ብሎ ነው። «ደምሌ የካሣዬ» ሲል ዝናው እጁ ላይ ተንፈራገጠ፤ ዐይኑንም ገለጠ። «ካሣዬ የወልደ ሚካኤል» ሲል ቋጠሮውን አጠበቀ። ስምንተኛውን ሲጠራ ግን የሚጠራውን ያውቅ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያላመጠው ነገር ነው፤

«ወልደ ሚካኤል የአምሳሉ። ዝንጀሮ በርን ያቆመው የአምሳሉ።»

ጉድጓድ ድምፅን አጉልቶ ነው የሚመልሰው። ስሙ ከዓለቱ ውስጥ ሲወጣ አምባው ሁሉ ሰማው። የፊታውራሪ ስምንተኛ ስምም አምሳሉ ነበር። የቆሙት ሰዎች ፊታውራሪን ለማየት ፈርተው መሬት መሬት አዩ።

ዝናው ተጎትቶ ወጣ፤ ኡበይድም ቀጥሎ። ኡበይድ አስታወከና ተቀመጠ። ቀትር አለፈ፣ ችቦው ሳይጠፋ ተመለሰ፤ ማሽላው ወጣ። ወፍጮ እስኪገኝ ያልጠበቀ ቆልቶ በላ፤ አንዳንዱም ጥሬውን ቆረጠመ። አቧራው የጦር አልነበረም፤ ከብቱን ይዞ የሚሸሽ ባላገር ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ፊታውራሪ ሕዝቡን ሰብስበው ከድንጋይ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ኡበይድ፣ ቃሌን አላጥፍም። ስላገለገልከኝ የጉድጓድ ማሳን ሰጥቼሃለሁ፤ ተቀበል።»

ኡበይድ ቆሞ ነበር። «ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ነገር ግን ያ መሬት የአያቴ ነው። በአምሳሉ ልጅነቴ ርስቴ ነው ብለው ይመልሱልኝ እንጂ፣ ለአሽከር እንደሚሰጥ አይስጡኝ።»

«ማነው የአምሳሉ ልጅ ያደረገህ?»

«ቆጥሬዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ፊታውራሪ ፈገግ አሉ። «በጉድጓድ ትንፋሽ ራሱ የዞረ ሰው የቆጠረው ዘር ምስክር አይሆንም። ስካር ማለት ነው፤ ስካር ደግሞ ሁሉን ሰው የጌታ ልጅ ያደርገዋል።»

ሰው ሳቀ። ማሽላውን ያጎረሳቸው እጅ ገና አቧራውን ሳያራግፍ፣ አፋቸውን ሞልተው ሳቁ።

«ዝናው አጠገቤ ነበር» አለ ኡበይድ። «ራሴ ዞሮ እንደሆነ ይጠየቅ። ስሞቹን በጆሮው ነው የጠራሁለት።»

ፊታውራሪ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «ሰምተሃል?»

ዝናው ሰምቷል። ካሣዬንም፣ ወልደ ሚካኤልንም፣ አምሳሉንም፣ አንድ በአንድ ሰምቷል፤ ከሞት የመለሱት ስሞች ናቸው። ነገር ግን የአጎቱን ጫማ አየ። «ራሴን ስቼ ነበር፣ ጌታዬ» አለ። እናቱ ወይዘሮ የሺሀረግ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«እንግዲህ ማሳውን ትቀበላለህ ወይስ አትቀበልም?»

ኡበይድ ብዙ አላሰበም፤ ሁለት ዓመት አስቦበታልና። «የአባቴን መሬት እንደ ጉርሻ ከሰው እጅ አልቀበልም» አለ።

«ይቅርብህ» አሉ ፊታውራሪ፤ ተነሡ።

ወይዘሮ የሺሀረግ በሩ ላይ ደረሱበት። «ግዴለህም ተቀበል፤ እኔም ከራሴ መሬት ጥማድ እጨምርልሃለሁ። ልጄን ሰጥተኸኛል።»

«እመቤቴ፣ ያ ስም እውነት መሆኑን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ተመልሰው በአደባባይ ይሉታል?»

ወይዘሮ የሺሀረግ ወደ አምባው መለስ ብለው አዩ፤ ከዚያ መሬቱን አዩ። ኡበይድ እጅ ነሥቶ ደረጃውን ወረደ።

ዑምኩልሱም ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችው። «አራት ልጅ አለህ» አለችው። «ክብርህን ፈጭቼ ላብላቸው?»

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ፊታውራሪ አንዳርጋቸው አንድ ጥይት ሳይተኮስ የዝንጀሮ በርን ቁልፍ ለመጣው ጦር አስረከቡ፤ ማዕረጋቸውም መሬታቸውም ጸናላቸው። ኡበይድ በቀረው ዕድሜው በጉድጓድ ማሳ ላይ የፊታውራሪ ጭሰኛ ሆኖ አረሰ፤ እንደ ስጦታ አልቀበልም ያለውን መሬት እኩል አራሽ ሆኖ ገባበት። ሲሞት የቀበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ስሙን ማንም አልጻፈውም፤ ካህናቱ የሚጽፉት የሾመውንና የሰጠውን ነው፣ እምቢ ያለውን የሚጽፍ የለም።

አንድ ሰው ብቻ አልረሳውም። ዝናው ኋላ ግራዝማች ሆነ፤ አጎቱ ሞተው፣ ጣሊያን መጥቶ ሄዶ፣ ጢሙ ሲነጣ፣ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ ሲወጣ ብቻውን ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ከአፉ ላይ በደረቱ ይተኛና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኡበይድ የኑርዬ፣ ኑርዬ የሙሄ» እያለ እስከ አምሳሉ ይጠራል። ያን ጊዜ የሚቆጣው ጌታ አልነበረም፤ የሚመልስለትም ርስት አልነበረም። የሠፈሩ ልጆች ግራዝማች ጃጁ ብለው ከኋላው ይሰበሰቡና እሱ ሲሄድ እነሱም የየራሳቸውን ስም ወደ ጉድጓዱ እየጮሁ ይሳሳቃሉ። እሱ ሞተ። ልጆቹ አደጉ፤ ልጆቻቸውንም አስለመዱ።

ዛሬ በአምባው ሥር ቆርቆሮ የለበሰች ከተማ አለች፤ የጉድጓድ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍና የእንጨት መሸጫ ቆሟል፤ ማክሰኞ ገበያ ነው። በቅርቡ ጦርነት በዚያ አገር ባለፈ ጊዜ ሰው እንደ ድሮው ወደ አምባው ወጥቶ ነበር፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ ግን ከላስቲክና ከድንጋይ በቀር አላገኘም። ሰላም ሲሆን ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ደረጃው ተጠገነ፤ ከጉድጓዱ አጠገብም ሰሌዳ ተተከለ። «የፊታውራሪ አንዳርጋቸው የእህል ጉድጓድ፤ በ፲፱፻፱ ዓ.ም. የወገኖቻቸውን ሕይወት የታደጉበት» ይላል። ሐሰት ነው ለማለት አይመችም፤ ጉድጓዱም ነበር፣ ሰውም ተርፏል፣ ፊታውራሪም ቆመው ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰዓድ የሚባል ባለባጃጅ ከሐይቅ ሁለት እንግዶች ጭኖ መጣ። እንግዶቹ ደረጃውን ሲወጡ እሱም እግሬን ላፍታታ ብሎ ተከተለ። የአምባው አስጎብኚ ሰርካለም ሰሌዳውን አንብባ ከጨረሰች በኋላ እንግዶቹ ተራ በተራ አጎንብሰው ስማቸውን ወደ ጉድጓዱ ጠሩ።

«አንተም ጥራ እንጂ» አለችው ሰዓድን።

«ምንድነው ነገሩ? ወረፋ ልታስይዢኝ ነው?»

ሳቀች። «ልማድ ነው። እዚህ የመጣ ሁሉ ይጠራል።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ከድሮ ጀምሮ ነው።»

ሰዓድ የባጃጁን ቁልፍ ኪሱ ከተተና አጎነበሰ። ከጉድጓዱ ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው። መጀመሪያ እንደ ማፈር ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ጥርት አድርጎ ጠራ፤ «ሰዓድ። ጀማል። እንድሪስ። ይመር።»

ዓለቱ የመጨረሻውን ስም መለሰለት።

«ቀጥል፣ እየሰማን ነው» አለች ሰርካለም።

«እስከዚህ ነው የማውቀው» አለ፤ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። «አባቴ ከዚህ በላይ አልነገረኝም። ለእሱም የነገረው የለም።»

እንግዶቹ ከሰሌዳው አጠገብ ፎቶ ተነሡ፤ ሰዓድ ቀድሟቸው በዝንጀሮ በር ወረደ። የሚረግጠውን ደረጃ ማን እንደሠራው በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ የአምሳሉ ተወላጆችም በስም ተዘርዝረዋል። እሱ አላነበበውም፤ ቢያነብም ራሱን አያገኝበትም። ታሪክ ሰውን የሚያስቀርበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በሰሌዳ፣ ሌላው ባለቤቱ በጠፋ ልማድ። ኡበይድ ማሳውን እንደ ጉርሻ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ መሬት ይኖራቸው ነበር፤ ስሙ ግን ያው በአሽከርነት ይቀር ነበር። የትኛው ይሻል እንደነበር አምባው ላይ የሚፈርድ ሰው የለም።

ሰዓድ ያላወቀው አምስተኛው ስም ኡበይድ ነበር።